የዕቃው መነሻና የልጁ መነሻ፤ ከድሬዳዋ ታይዋን ስለ ጉዲፈቻ ታሪክ

ወደ ድሬዳዋ የወረደ እንግዳ፣ የቆላውን ሙቀት ጥቂት ለምዶ የጥላውን ዳር እየያዘ መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ የአገሩ ሰው «ታይዋንን ሳታይ እንዳትመለስ» ቢለው አይደንግጥ፤ ታይዋን የተባለው በሩቅ ምሥራቅ ባሕር ላይ ያለችው ደሴት ሳይሆን፣ ራዲዮና ቴፕ፣ ብርድ ልብስና ሽቶ፣ ፔርሙስና የእጅ ሰዓት ሲሸጥበት የኖረው የከተማይቱ ገበያ ነው። ስሙ የወጣለት ከዕቃዎቹ ጀርባ «ሜድ ኢን ታይዋን» የሚለው ጽሕፈት እየተነበበ ነው ይባላል። ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ ራዲዮ ሲያነሣ አስቀድሞ ፊቱን አያይም፤ ይገለብጠዋል፣ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ በፊደሉ ላይ እያስኬደ «የየት ነው?» ይላል፤ ሻጩም ከመቀመጫው ሳይነሣ «አቦ፣ አንብበው እንጂ!» ይለዋል። በጉምሩክ በር ቀረጥ ተከፍሎበት የገባውም ሆነ በሌሊት በግመል ጀርባ ድንበር የተሻገረው፣ ዕቃ ሁሉ የተሠራበትን አገር ስም በጀርባው ተሸክሞ ይኖራል።

ይህን ማንሣቴ ስለ ንግድ ለመጻፍ አይደለም። ልጅ ዕቃ አይደለም፤ ልጅን ከዕቃ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባትም ለጆሮ ይከብዳል። ነገር ግን ባለፉት ዘመናት ከዚህች አገር ወደ ባሕር ማዶ በጉዲፈቻ ከተሸኙት ሕፃናት መካከል፣ ለአንዲት ራዲዮ የተጻፈላትን ያህል እንኳ መነሻቸው በትክክል ሳይጻፍላቸው የሄዱ መኖራቸውን ያወቀ ሰው፣ በታይዋን ገበያ ቆሞ ዕቃ ሲገላበጥ ባየ ቁጥር ይህ ሐሳብ ሳይመጣበት አይቀርም። ስለዚህ ጉዲፈቻ የተባለው ጥንታዊ ልማድ ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ ከምን እንደ ደረሰ በዚህች ከተማ በኩል ተመልክቶ መተረክ የተገባ ይመስለኛል።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መሐንዲሶቹ መንገዳቸውን በቆላው በኩል አደረጉት፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስም ቀድሞ የከብት መዋያ በነበረው ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ አልጸናም፤ ከተማይቱ ግን ጸናች። በአንድ ወገን መንገዶቹ በመስመር የተቀየሱለት ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ሲያድጉ፣ ኦሮሞውና ሶማሌው፣ ሐረሪውና ዐፋሩ፣ አማራውና ጉራጌው፣ ዐረቡና ህንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ፣ ፈረንሳዊውም ጭምር በአንድ ጎዳና ላይ ተገናኙ። እንዲህ ካለች ከተማ ውስጥ የሌላውን ልጅ ማሳደግ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም፤ የጎረቤት ልጅ በሦስት ቋንቋ እየተቈጣና እየተመረቀ ያድግ ነበርና።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ቋንቋ ወደ አማርኛ የገባ፣ ኋላም በሕግ መጽሐፍ የተቀመጠ ቃል ነው። በኦሮሞ ሥርዓት ልጅ ያልወለዱ፣ ወይም ወልደውም ሌላ ልጅ ማከል የወደዱ ባልና ሚስት፣ የሌላውን ልጅ በሽማግሌዎች ፊት ተቀብለው እንደ አብራካቸው ክፋይ ያዩታል፤ ይወርሳቸዋል፣ በስማቸው ይጠራል፣ ከተወለዱት ልጆችም ያነሰ ነው የሚል አንደበት በሽማግሌ ፊት ይዘጋል። ነገሩ በጓዳ የሚፈጸም አልነበረም፤ ምስክር ነበረው፣ ምርቃት ነበረው፣ የሰጪውም ቤት የተቀባዩም ቤት የታወቀ ነበር። ልጁ ከወላጆቹ ቤት ወደ አሳዳጊዎቹ ቤት ሲሻገር ድልድዩ ከኋላው አይፈርስም፤ ሁለቱም ቤተሰቦች በኀዘንና በደስታ ይገናኛሉ።

በሰሜኑም አገር «የጡት ልጅ» የሚባል ልማድ ነበረ፤ ልጅነትን የሚሻው ሰው አባት የሚሆነውን ሰው አውራ ጣት ማር ተቀብቶ ይጠባል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከመካከላቸው የማይፈርስ ቃል ኪዳን ይጸናል። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን በምታጠምቅበት ጊዜ ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ታቆማለች፤ ሊቃውንቱ የባሕርይ ልጅነትንና የጸጋ ልጅነትን ለይተው ሲያስተምሩ፣ በጸጋ የተገኘ ልጅነት ከንቱ ስም ሳይሆን ርስት የሚያወርስ መሆኑን ያስረዳሉ። በሙስሊሙ ወገን ደግሞ የቲምን ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ሆኖም ሸሪዓው የልጁን የአባት ስም መለወጥ አይፈቅድም፤ አሳዳጊው ያሳደገውን ልጅ ለመጥቀም ቢወድ፣ ልጁ በትውልድ ወራሽ ስላልሆነ፣ ከሀብቱ እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል። የጠባው ጡትም ዝምድናን ያመጣል፤ ሕፃኑን ያጠባች ሴት የጡት እናቱ ትሆናለች፣ ልጆቿም ለጋብቻ አይገቡትም።

እነዚህ ሁሉ በሥርዓት ይለያዩ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ለልጁ ወላጅ ይጨምሩለታል እንጂ ወላጅ አይቀንሱበትም። ለአሳዳጊው ቤተሰብ የሚሆነውም ድጋፍ ከዚሁ ይመጣ ነበር፤ በድሬዳዋ የሐረሪው አፎቻ፣ የሰፈሩ እድር፣ ጎረቤቱና አበልጁ ሁሉ ምስክርም ረዳትም ነበሩ። ልጁ ቢታመም የሚጠይቅ፣ አሳዳጊው ቢሞት የሚረከብ፣ ልጁ ቢበደልም «ምን ሆነ?» የሚል ዓይን በደጃፉ አይጠፋም ነበር።

ከባሕር ማዶ ጋር የሚገናኘው የልጆች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ከዚህ የወጡትን ብቻ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞም በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው፣ እናቱንም በመንገድ ላይ በሞት የተነጠቀው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ይታወሳል። ልዑሉ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ በዊንድዞር ተቀበረ፤ ዐጽሙን ለማስመለስ የቀረበው ልመና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተቀባይነት አላገኘም። ነገር ግን ወደዚህ አገር የመጡም ነበሩ፤ እነርሱም በድሬዳዋ በኩል አለፉ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመኖች ገዳም ውስጥ፣ በቱርክ ምድር ከደረሰው እልቂት የተረፉ የሙት ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲያሰሙ ሰምተው ልባቸው ተነካ፤ ከአርመን ፓትርያርክነት ጋር ተስማምተውም አርባዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ። ልጆቹ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን ሲገባ፣ አዲስ አበባ ደረሱ። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ ያድር ነበር፤ አርባዎቹም ልጆች የኢትዮጵያን ምድር የቀመሱት በዚህችው ከተማ ሙቀት መሆኑን ማሰብ ይቻላል።

«አርባ ልጆች» የሚለው ስም በአማርኛ ጸንቶ ቀረ፤ እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን ነገር ልጆቹ የተወሰዱበት መንገድ ነው። ከአሳዳጊያቸው ከፓትርያርክነቱ ጋር ውል ነበረ፤ የሚኖሩበት ቤት፣ የሚከፈላቸው ደመወዝ፣ የሚሠሩት ሥራ የታወቀ ነበር፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ መምህር ከመካከላቸው አልተለየም፤ አርመንነታቸውን የሚያስረሳ አዲስ ስም አልወጣላቸውም፤ አዲስ አበባም የአርመን ማኅበር ነበረባት። መምህራቸው ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰው፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈው የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ ሲሰማ፣ የሙት ልጆች ትንፋሽ የአንድ መንግሥት ድምፅ ሆነ። ልጅን ከባዕድ አገር የሚቀበል ቤት ሊያዘጋጀው የሚገባው ነገር ሁሉ፣ ማለት የታወቀ ውል፣ የታወቀ መነሻ፣ የቋንቋው ሰውና የወገኑ ማኅበር፣ በዚህ በአርባዎቹ ታሪክ ውስጥ ሳይጻፍ ተጽፎ ይገኛል።

የጉዲፈቻው ልማድ በሕግ የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፣ ጉዲፈቻ በውል እንዲፈጸምና ዳኛ እንዲያጸድቀው ሲደነገግ፣ የሽማግሌው ምስክርነት ወደ ችሎት ገባ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በቁጥር 213፣ የፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ በሚያስተዳድራቸው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሕግ ሆነ፤ የታይዋን ነጋዴ ልጅ በጉዲፈቻ ቢወስድ የሚዳኘው በዚሁ ነው። ሕጉ ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ባለ ትዳር ቢሆን ባልና ሚስቱ በአንድነት እንዲቀርቡ፣ ፍርድ ቤቱ የሕፃኑን ሐሳብና ጥቅሙን እንዲመዝን ያዛል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ተጠበቀ ይቆያል ማለቱ ነው፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ከጥንቱ ልማድ የተረፈው ቅመም ይህ ነበረ።

በሌላ ወገን ችግር አገሪቱን ባጠቃ ቁጥር የሙት ልጆች ቁጥር እየበዛ ሄደ። የምሥራቁ ጦርነት ድሬዳዋን ራሷን የጦር ሜዳ ካደረጋት በኋላ፣ በጦርነቱ የወደቁት ወታደሮች ልጆች እንዲያድጉበት በደርግ ዘመን በአላጌ የሕፃናት አምባ ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም የሄዱት ወይዘሮ አበበች ጎበና፣ ረኀብ ካደቀቀው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመልሰው፣ ከዚያ በኋላ ቤታቸውንና ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሙት ልጆች ሰጡ። በድሬዳዋም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ሲያጠፋ፣ በአንድ ሌሊት ወላጅ ማጣት ምን እንደሆነ ከተማይቱ በዓይኗ አየች።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ሌላ በር ሰፊ ሆኖ ተከፈተ። ከአሜሪካ፣ ከእስጳንያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከኢጣሊያና ከሌሎችም አገሮች ልጅ ፈላጊዎች መጡ፤ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ በሩ መዘጋት ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄዱ፤ በበዛበት በ2002 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ 2,500 ያህል ልጆች ወደዚያው አገር ተሸኙ። ኢትዮጵያ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ጉዲፈቻ በ1985 ዓ.ም. በሄግ የተደረገውን ስምምነት አልፈረመችም ነበር፤ ጉዳዩን የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን እስከ ሃምሳ ይመረምር የነበረውን መዝገብ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ወደ አምስት ዝቅ ሲያደርግ፣ ነገሩ ከመመርመር ዐቅም በላይ ሆኖ እንደ ነበር ያን ጊዜ ታየ።

የዚህ ዘመን ኀዘን ሥሩ፣ እንደሚመስለኝ፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ነው። በገጠር የምትኖር እናት ልጇን «ለጉዲፈቻ ስጪ» ሲሏት፣ የሰማችው አያቶቿ ያወቁትን ጉዲፈቻ ነው፤ ልጇ ሌላ ቤት አግኝቶ፣ ተምሮና በልቶ አድጎ፣ አንድ ቀን እናቴ ብሎ የሚመለስበትን ጉዲፈቻ ማለት ነው። የተቀባዩ አገር ሕግ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የቀድሞውን ዝምድና ፈጽሞ የሚቈርጥ ጉዲፈቻ ነው፤ አሳዳጊዋም በቅን ልብ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ብቻ ነው» ብላ ታምናለች። እናቲቱ ደብዳቤ ትጠብቃለች፤ አሳዳጊዋ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚገባት የነገራት የለም። ሁለት ሴቶች፣ አንዷም ሳትዋሽ፣ በአንድ ልጅ ላይ ሁለት የማይስማሙ ውሎች ፈረሙ። በመካከል ያሉ ደላሎች ደግሞ ይህን አለመግባባት ከማብራራት ይልቅ የሚጠቀሙበት ሲገኙ፣ እናቱ በሕይወት ያለች ልጅ በወረቀት ላይ «ወላጅ አልባ» ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ ነበረ።

መንግሥት ከሚቀበሉት ቤተሰቦች ስለ ልጁ አያያዝ መግለጫ እንዲመጣለት ይጠይቅ ነበር፤ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ። ወረቀቱ ከጥንቱ ሽማግሌ ዓይን ይልቅ ደካማ ነበር፤ ሽማግሌው በደጃፍ ሲያልፍ የሚያየውን ወረቀት ከስምንት ሺህ ማይል አያይም። በባዕድ ቤት የተበደሉና የሞቱ ልጆች ወሬ በተሰማ ጊዜም የሕዝቡ ቍጣ ተነሣ፤ በ1982 ዓ.ም. የጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም የውጭ ጉዲፈቻ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. አሠራሩ ታገደ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በዐዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች ተከፍቶ የነበረውን በር ዘጋው።

በሩ ቢዘጋም የወጡት ልጆች አልተመለሱም፤ ዛሬ ብዙዎቹ አድገው ጐልማሶች ሆነዋል። ስለዚህ ድጋፍ ማለት ልጅ መውሰጃ መንገድ ማሳየት መሆኑ ቀርቶ፣ የወሰዱትንና የተወሰዱትን መደገፍ ሆኗል። ልጁን ያሳደገች እናት ከኢትዮጵያ የመጣውን እያንዳንዱን ወረቀት፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ የማሳደጊያውን ማስታወሻ፣ ልጁ ለብሶት የመጣውን ልብስ ጭምር ልትጠብቅለት ይገባል፤ የወጣለትን የመጀመሪያ ስም ብትለውጠው እንኳ ከመታወቂያው ላይ ፈጽማ አታጥፋበት። ጠጕሩን መጐንጐን ከኢትዮጵያዊት ጎረቤቷ ብትማር፣ ልጁ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን ወይም ሶማሊኛውን ጨርሶ ሳይረሳ የሚሰማበትን ሰንበት ብታገኝለት፣ በየከተማው ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበርና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጋር ብታስተዋውቀው፣ የጥንቱን አበልጅነት መልሳ ተከለችለት ማለት ነው። ልጁ «ለምን ሰጠችኝ?» ብሎ ሲጠይቅም የማታውቀውን አላውቅም ማለት፣ ተረት ከመፍጠር ይሻላል።

ላደገው ልጅ ደግሞ ሕጋዊ መንገድ አለው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆኑ የውጭ አገር ዜጎችን መብት የወሰነው የ1994 ዓ.ም. ዐዋጅ፣ በቁጥር 270፣ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው መታወቂያ አውጥቶ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ እንዲኖርና እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ በውጭ ቢያድግም በዚህ ምድር የተወለደ ልጅ ከዚህ አይወጣም። ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ የሚፈላለጉበት «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለ ማኅበርም ተነሥቶ፣ የጠፋውን ክር ከሁለቱም ጫፍ እየያዘ ለመቀጠል ይጥራል። በአገር ውስጥ ልጅ ማሳደግ የሚሻ ቤተሰብ ደግሞ ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የጋብቻውን፣ የገቢውንና የጤናውን ማስረጃ ያቀርባል፤ ቤቱ ይታያል፣ ጎረቤቱም ይጠየቃል። ጎረቤት መጠየቁ የጥንቱ ምስክር መመለሱ ነውና ሊሰለች አይገባም።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ልጅ፣ አሁን ሃያ ዓመት የሞላው ጐበዝ፣ የባዕድ ፓስፖርት ይዞ ከባቡር ወርዶ ወደ ታይዋን ቢመጣ፣ ሻጩ መልኩን አይቶ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በሶማሊኛ፣ በመጨረሻም በአማርኛ ሰላም ይለዋል፤ ለሦስቱም መልስ ቢያጣ በድሬ ልማድ ይስቅና «አቦ፣ አንተ የየት ነህ?» ይለዋል። ጐበዙ ፊቱን ዝቅ አድርጎ ከቦርሳው በአራት የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ሻጩም ወረቀቱን እንደ ልማዱ አስቀድሞ ይገለብጠዋል፤ በጀርባው የእናቱና የቀበሌው ስም ተጽፎ ከተገኘ፣ ባጃጅ ጠርቶ መንገዱን ያሳየዋል።